ንጉሡ ያኔ የት ነበር?

ለታዳጊዎች ክርስቲያናዊ ፋንታሲ እየጻፍኩ ነው ስል የሰዎች ፊት ይፈካል። የሚናገር እንስሳ፣ የሚያበራ ሰይፍ፣ መጨረሻ ላይ ጨለማን የሚያሸንፍ ንጉሥ ይታያቸዋል። «ስለ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሰው ሁሉ የሚያከብረውና የሚያምነው አንድ ትልቅ ሰው ስለጎዳት የ14 ዓመት ልጅ ነው እላቸዋለሁ። ፈገግታው ባለበት ይደርቃል። «እንዴ! ለልጆች?»

አዎ፣ ለልጆች። በዚያ ዕድሜ ያለ አንባቢ ክፉ ነገርን መጀመሪያ የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። አንዱ እቤቱ አይቶታል። ሌላዋ ጓደኛዋ በእኩለ ሌሊት ከላከችላት መልእክት አንብባዋለች። አባቱ ሰክሮ ሲገባ ታናሽ እህቱን አልጋ ሥር የሚደብቅ ልጅ አለ። እጅጌዋን ወደ ታች እየጎተተች ክንዷን የምትሸፍን ልጅ አለች። «እግዚአብሔር እኔን አይሰማኝም» ብሎ መጸለይ ያቆመ፣ ግን ለማንም ያልተናገረም አለ። እነዚህ ልጆች ሁሉ ከሌሎቹ ጋር ቆመው ይዘምራሉ። ከውጭ ምንም አይታይባቸውም።

ስለዚህ «ይጻፍ ወይስ አይጻፍ» የሚለው ክርክር ለእኔ አልቋል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ተአምር በሚቻልበት ዓለም ውስጥ ቁስል እንዴት ይጻፋል? ፋንታሲ ነው፤ በአንድ ቃል ተራራ ይነሣል። ክርስቲያናዊ ነው፤ ሁሉን የሚችል አምላክ አለ። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ የአንዲት ልጅ ስብራት ለምን ሦስት መቶ ገጽ ይፈጃል? ንጉሡ መጥቶ ለምን አይዳስሳትም?

እዚያ ከመድረሴ በፊት ስለ ፋንታሲው ራሱ ትንሽ ልበል። አንዳንድ አማኞች አስማት ያለበት ታሪክ ይከብዳቸዋል፤ ዘዳግም 18ን ይጠቅሱልኛል። አልንቃቸውም። በእኔ ዓለም ውስጥ ኃይል በትምህርት አይገኝም፣ አይገዛም፣ ማንም ሊያዝዘው አይችልም። ይህ ለአንዳንዶቹ ይበቃቸዋል፤ ለአንዳንዶቹ አይበቃም። ግን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ በምናብ ታሪክ አያፍርም። መሳፍንት 9 ላይ ዛፎች ተሰብስበው ንጉሥ ይፈልጋሉ፤ ወይራው እምቢ ይላል፣ በለሱ እምቢ ይላል፣ ወይኑ እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ እሾሁ ይሾማል። ኢዮአታም ይህን የተናገረው ሰባ ወንድሞቹን ስላረደ ሰው ነው። ከባድ ርዕስና የሚናገር ዛፍ አንድ ላይ የመጡት ያኔ ነው።

ነቢዩ ናታንም ዳዊት ፊት ሲቆም «አመነዘርክ፣ አስገደልክ» ብሎ አልጀመረም። ስለ አንድ ድሃ ሰውና ባለጠጋ ስለ ወሰደበት አንዲት ጠቦቱ ተረከለት። ዳዊት ተናደደ፣ ፈረደ። ከዚያ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው። ታዳጊም እንዲሁ ነው። ፊት ለፊት «ምን ሆነሻል?» ሲሏት በሩን ትዘጋለች። ስለ ሌላ አገር ስለ ሌላ ልጅ ከሆነ ግን ተቀምጣ ትሰማለች። በሩን ማንም አልነካባትማ።

በእኔ ታሪክ ከተማዋ በጉም የተከበበች ናት። ማታ ማታ መብራቶቹ ካልበሩ ጉሙ ይገባል። መብራት ጠባቂዎቹ የከተማዋን ምሥጢራዊ በሮች ስለሚያውቁ ይምላሉ። በዚያ ዓለም መሐላ የአፍ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲምል ጉሮሮው ውስጥ ቋጠሮ ይታሰራል። ቋጠሮው ምሥጢሩን እንዳያወጣ ይይዘዋል። ለመልካም የተሠራ ነገር ነው፤ ጠላት በሮቹን እንዳያውቅ። ዋናው መብራት ጠባቂ ግን ይህንኑ የተቀደሰ መሐላ ተጠቅሞ ልያ የምትባለውን ተለማማጅ ልጅ ያደረገባትን እንዳትናገር ያስምላታል።

ፋንታሲ ለዚህ ሥራ የሚመቸኝ ለምን እንደሆነ ብጠየቅ ይህን ቋጠሮ አሳያለሁ። በእውነተኛ ሕይወት የተጎዳች ልጅ «ለምን ወዲያው አልተናገረችም?» ትባላለች። መናገር የምትችል ይመስላቸዋል። አፍ አላት፣ ጎረቤት አላት፣ እናት አላት። የያዛትን ነገር ማንም አያየውም። በእኔ ዓለም ግን ይታያል። ልትናገር ስትል ቋጠሮው ሲጠብቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ዓይኗ እንባ ሲሞላ አንባቢው ያያል። ከዚያ በኋላ «ለምን አልተናገረችም?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ የለም።

አሁን ወደ ቀላሉ መንገድ። ንጉሡ ይመጣል፣ ጉሮሮዋን ይነካል፣ ቋጠሮው ይፈታል፣ ልጅቷ ትዘምራለች። ለመጻፍ አንድ ምሽት አይፈጅም። አንባቢም ያለቅሳል። ግን መጽሐፉን ዘግታ የምትተኛው፣ ጉሮሮዋ ላይ እውነተኛ ቋጠሮ ያለባት ልጅስ? ለእሷ ማንም አልመጣም። ከዚያ መጽሐፍ የምትወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ለልያ መጣ፣ ለእኔ አልመጣም፣ እንግዲያው ችግሩ እኔ ጋ ነው።

ስለዚህ ለዚያ ዓለም አንድ ሕግ አወጣሁ። ንጉሡ ቋጠሮ በጉልበት አይፈታም። የሚፈታው በመናገር ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ፈትል። ለመናገር ደግሞ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ልያ መጀመሪያ ለእናቷ ነው የምትሞክረው። እናቷ «እሱማ እንዲህ አያደርግም!» ትላለች፤ ቋጠሮው በእጥፍ ይጠብቃል። ይህን ገጽ «አውጣው» ያሉኝ አሉ፤ እናት ላይ ጨከንክ ብለው። አላወጣሁትም። የመጀመሪያዋ ሰሚ ሳታምን መቅረቷ በእውነተኛው ዓለም የሚያጋጥም ነገር ነው። ታዳጊዋ አንባቢ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ሰው እንዳለ ማየት አለባት። በእኔ ታሪክ ሁለተኛዋ የመብራት መስታወት የምትወለውል አንዲት አሮጊት ናት። ጠቢብ አይደለችም፣ ትንቢት አታውቅም። ልጅቷ መዝፈን ማቆሟን ግን አስተውላለች። ትጠይቃታለች፣ ከዚያ ዝም ብላ መስታወቷን እየወለወለች ትጠብቃለች። የኢዮብ ወዳጆች ከተናገሩት ሁሉ የተሻለው ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት አብረውት ዝም ብለው የተቀመጡት ነው ብዬ አምናለሁ። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ነገሩን ያበላሹት።

ረቂቁን ያነበበ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ግን ሕጌን በአንድ ጥያቄ ገለበጠው። «እሺ፣ አሁን ንጉሡ በጉልበት አይፈታም። ገባኝ። ግን ያኔ የት ነበር? ያ ሰውዬ በሩን ሲዘጋ?»

መልስ አልነበረኝም። ሥነ መለኮት አለኝ፤ ስለ ነጻ ፈቃድ፣ ስለ ወደቀ ዓለም ማውራት እችላለሁ። አንድም ቃሉ ውሸት አይደለም። ግን ያንን ለ14 ዓመት ልጅ ፊቷ ቆሞ የሚናገር ንጉሥ ብጽፍ መጽሐፉን እኔው ራሴ ወደ ግድግዳ እወረውረዋለሁ።

እዚህ ላይ የናርንያን የልጆች ፋንታሲዎች የጻፈውን ሲ. ኤስ. ሉዊስን ብዙ አስቤዋለሁ። እናቱ በካንሰር የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እንድትድን ጸልዮ ነበር። በ1955 በወጣው የናርንያ መጽሐፉ እናቱ የታመመችበት አንድ ልጅ አለ። ልጁ የዚያን ዓለም ጌታ፣ አንበሳውን አስላንን፣ ለእናቱ የሚሆን ነገር ይለምነዋል። ቀና ብሎ ሲያይ አንበሳው ዓይን ውስጥ ከእሱ እንባ የሚበልጥ እንባ ያያል። በኋላ እናትየዋ ትድናለች፤ ለደራሲው በሕይወቱ ያልሆነለት በመጽሐፉ ሆነ። ለእኔ ግን ከመዳኗ ይልቅ እንባው ይበልጥብኛል። እንባው የመጣው ገና ምንም ሳይስተካከል ነው። ኢየሱስም አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ መጀመሪያ አለቀሰ።

እንግዲህ ያንን ምዕራፍ እንዲህ ጻፍኩት። ልያ ንጉሡን «ያኔ የት ነበርክ?» ትለዋለች። ንጉሡ አይመልስም። የልብሱን ኮሌታ ዝቅ ያደርጋል። ጉሮሮው ላይ የቋጠሮ ጠባሳ አለ፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው። ልያ ታያለች። ከዚያ «አይበቃኝም» ትለዋለች። እሱም አይቆጣም። እስኪነጋ አብሯት ይቀመጣል።

ምዕራፉን ለዚያው ልጅ መልሼ ሰጠሁት። «ይሄ ይሻላል» አለኝ። «ግን አሁንም አልመለሰም።» ልክ ነው። መዝሙር 88ም እንዲሁ ነው የሚያልቀው፤ ጨለማ ውስጥ፣ ያለ ምስጋና፣ ያለ «ነገር ግን»። ያንን መዝሙር ከመጽሐፍ ቅዱስ ያላወጡት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ስለ ክፉው ሰውዬ መልክም መናገር አለብኝ። ፋንታሲ መጥፎ ልማድ አለው። ክፉውን አስቀያሚ ያደርገዋል፤ ቀይ ዓይን፣ ሻካራ ድምፅ፣ ጥቁር ካባ። ለጦርነት ታሪክ ይሁን። ለዚህ ርዕስ ግን አደገኛ ውሸት ነው። ልጆችን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የማያውቁት ሰው አይደለም፤ የሚያውቁት፣ ቤተሰቡም የሚያምነው ሰው ነው። የእኔ መብራት ጠባቂ ደግ ሰው ነው። ድሃ ይረዳል፣ ሲጸልይ ሰው ያስለቅሳል፣ ቀልዱ ያስቃል። አንድ አርታኢ «ቢያንስ አንባቢው ቀድሞ እንዲጠረጥረው ፍንጭ ስጥ» አለኝ። ፍንጩን ሰጠሁ፣ ፊቱ ላይ ግን አላስቀመጥኩትም። ስጦታ ይሰጣታል፣ «ለማንም አትንገሪ» ይላታል። ከሌሎቹ ልጆች ይለያታል፣ «አንቺ ልዩ ነሽ» ይላታል። ታዳጊዎች ሊለዩት የሚገባው ይህን ነው።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ስላለው ነገር አንድ መስመር አልጻፍኩም። ምዕራፉ በሩ ላይ ያልቃል፤ ቀጣዩ የሚጀምረው በማግስቱ እጆቿን ደጋግማ ስትታጠብ ነው። ይህ ፍርሃት አይደለም። ያለፈባት ልጅ ዝርዝሩን ከእኔ መስማት አያስፈልጋትም፤ ያላለፈባት ደግሞ በሩና እጆቹ ይበቋታል።

ኖሐ የሚባለው ልጅ ሌላ ፈተና ነበር። ኖሐ የልያ ጓደኛ ነው፣ እና ጉሙ ይጠራዋል። ወደ ጉሙ ገብቶ አለመመለስ ይፈልጋል። ምን ማለቴ እንደሆነ ማንም አንባቢ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ለወጣቶችም ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። ዝም ማለት አልችልም። እንዳመጣልኝ መጻፍም አልችልም። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ በ1774 ያሳተመው ልብ ወለድ ላይ ጀግናው ቬርተር ራሱን ያጠፋል፤ መጽሐፉን ተከትሎ ወጣቶች እሱን መስለው ሞቱ ተብሎ ብዙ ተወርቷል። በ1974 አንድ ተመራማሪ ይህን መሰል መዛመት በጀግናው ስም የቬርተር ውጤት ብሎ ጠራው። ደራሲ ሆኖ ይህን የሚያውቅ ሰው እጁ ይከብደዋል።

ከዚህ የማይተናነስ ሌላ ስም ግን አለ። በ2010 የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ሰው ቀውሱን አልፎ መትረፉን የሚያሳዩ ታሪኮች ሰውን ራሱን ከማጥፋት ሊጠብቁ እንደሚችሉ ጻፉ፤ የፓፓጌኖ ውጤት አሉት። ፓፓጌኖ የሞዛርት ኦፔራ ውስጥ ያለ ወፍ አዳኝ ነው። ኦፔራው በ1791 ነው የታየው፣ ፋንታሲ ነው፤ አስማተኛ ዋሽንት፣ የሌሊት ንግሥት፣ ምኑ ቅጡ። ፓፓጌኖ ተስፋ ቆርጦ ሊሞት ሲል ሦስት ልጆች መጥተው ያስቆሙታል። አዲስ ኃይል አልሰጡትም። ይዞት የነበረውን፣ የረሳውን የደወል መሣሪያ አስታወሱት። ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ ማለት ይቻላል። ሕይወት የሚያተርፍ ታሪክ ስም ያገኘው ከእኛው ሰፈር፣ ከፋንታሲ ነው! ያዳኑትም ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ኖሐ ጉሙ ዳር ሲደርስ ታሪኩ መንገዱን አይገልጽም፣ ጉሙን ውብ አያደርገውም፣ ሞቱን መፍትሔ አያደርገውም። ይተርፋል። ሲተርፍም በድንገተኛ የብርሃን ተአምር አይደለም።

እዚህ ላይ ከክርስቲያን ደራሲዎች ጋር አንድ ጠብ አለኝ። ድብርትን ጋኔን ማድረግ በጣም ይቀላል። ጥቁር መንፈስ ትከሻ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ሰው በስሙ ያዝዘዋል፣ ይሄዳል። ትዕይንቱ ያምራል፤ ፊልም ይወጣዋል። ግን በድብርት የታመመ ልጅ ሲያነበው ምን ይሰማል? «ጋኔን አለብኝ» ወይም «እምነቴ ስላነሰ አልሄደልኝም»። በመንፈሳዊው ዓለም አምናለሁ፤ ክርክሬ እሱ ላይ አይደለም። የእኔ ጉም ግን መንፈስ አይደለም፣ የአየር ጠባይ ነው። አንዳንዱ ሰፈር ይበዛል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ይከብዳል፣ የኃጢአት ውጤት አይደለም።

ኤልያስን ተመልከቱት። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ይላል። ከሰማይ እሳት ያወረደ ሰው ነው፤ እምነት አነሰህ ሊባል አይችልም። መልአኩ መጣ። ስብከት አልሰበከለትም፣ አልገሠጸውም። «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ መልሶ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰው፣ እንደገና «ብላ» አለው። ኖሐንም ያበሉታል፣ ያስተኙታል፣ በየተራ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። መድኃኒት ቀማሚውም በየቀኑ የሚጠጣው መራራ ነገር ይሰጠዋል። መድኃኒቱን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ክኒን መዋጥ እምነትን መካድ የሚመስላቸው ልጆች አሉ።

የመጨረሻው ጠብ በይቅርታ ላይ ነው፤ ይህኛው አሁንም ድረስ አላባራም። ረቂቁን ያነበቡ ትልልቅ ሰዎች ልያ በመጨረሻ መብራት ጠባቂውን ይቅር እንድትለው ይጠብቃሉ። ክርስቲያናዊ መጽሐፍ ነዋ! ወንጌሉ ይቅርታ ነው፤ እኔም የምኖረው በይቅርታ ነው። ግን ለተጎዳ ታዳጊ «ይቅር በይ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ «ዝም በይ» የሚለውን ሥራ እንደሠራ እናውቃለን።

2ኛ ሳሙኤል 13ን ክፈቱ። ትዕማርን ወንድሟ አምኖን ይደፍራታል። ራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀዳ፣ እየጮኸች ትወጣለች። አልተደበቀችም። ሌላው ወንድሟ አቤሴሎም «ዝም በዪ፣ ወንድምሽ ነው» ይላታል። አባቷ ዳዊት እጅግ ተቆጣ ይላል ቃሉ፤ ከቁጣው ቀጥሎ ግን ምንም ያደረገው ነገር አልተጻፈም። የትዕማር ታሪክ ብቻዋን፣ የተጎሳቆለች ሆና በወንድሟ ቤት መቀመጧ ላይ ያቆማል። ከዚያ በኋላ የመጣው ደም ሁሉ፣ ያ ሁሉ የቤተ መንግሥት መፈራረስ፣ የተነሣው ማንም ሊፈርድላት ስላልቆመ ነው ብዬ አነባለሁ።

ስለዚህ በእኔ መጽሐፍ መጀመሪያ ፍርድ ይመጣል። ልያ ከተማው ፊት ትናገራለች፣ የመጨረሻው ፈትል ይፈታል፣ መብራት ጠባቂው ቁልፉን ያስረክባል፣ ወደ ልጆች ዳግም አይቀርብም። ይቅር እንድትል አልተጠየቀችም፣ አልተገደደችም። ንጉሡ ስለ ይቅርታ የሚናገራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አንድ ቀን የምትፈልጊ ከሆነ እኔ አለሁ» ይላታል። አንድ ሰባኪ ወዳጄ ይህን ደካማ ወንጌል ነው አለኝ። ተከራከርን። እሱም አልተሸነፈም፣ እኔም አልቀየርኩትም። ክፉን ክፉ ብሎ ሳይጠራ የሚቸኩል ይቅርታ ግን ያ ሰባኪ የሚወደው ይቅርታ እንኳ አይመስለኝም።

ጠባሳውስ ይጥፋ? አይጠፋም። «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የጻፈው ቶልኪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 የሶም ውጊያ ላይ ነበር፤ ጓደኞቹን ጦርነቱ ወስዶበታል። ዓለሙን ያዳነው ትንሹ ጀግናው አገሩ ሲመለስ ቁስሉ በየዓመቱ በተወጋበት ቀን ያመዋል። ሲያነቡት ብዙዎችን ያሳዝናቸዋል። በአሰቃቂ ነገር ያለፈ ሰው ግን ያንን ቀን ያውቀዋል። ከሙታን የተነሣው ጌታም ለቶማስ ያሳየው የተወጋ ጎኑን ነው። ልያም በመጨረሻው ምዕራፍ ስትዘፍን ድምፅዋ እንደ ድሮው አይደለም። ትንሽ ሻካራ ነው። አሮጊቷ ትሰማታለች፣ መስታወቷን መወልወሏን ትቀጥላለች።

አሁን መጽሐፉ አርታኢ ዘንድ ነው። ከታሪኩ በኋላ የምትመጣ አንድ ገጽ ጨምሬያለሁ። ተረት የለባትም። በልያ ላይ የደረሰ ነገር ደርሶብሽ ወይም ደርሶብህ ከሆነ ጥፋቱ ያንቺ ወይም ያንተ አይደለም ትላለች። ለምታምኑት ትልቅ ሰው ተናገሩ፤ ያ ሰው ካላመናችሁ ለሌላ ሰው ተናገሩ ትላለች። ከሥሩ ለእርዳታ ስልክ ቁጥር የሚሆን ክፍት ቦታ አለ። ቁጥሩ በየአገሩ ስለሚለያይ አሳታሚው መጽሐፉ የሚሸጥበትን አገር ቁጥር አጣርቶ እንዲሞላበት ጠይቄያለሁ። ይህች ገጽ ከኋላ ትሁን ወይስ ከፊት፣ ገና እየተነጋገርንበት ነው። እኔ ከፊት ነው የምለው፤ መጽሐፉን የማይጨርሱት ልጆች ምናልባት በጣም የሚያስፈልጋቸው ናቸው።